ገጽ ዐሥራ ሰባት

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ከደምበጫ መናኸሪያ፣
ወንበሬን ሳልይዝ ይይዘኛል ጥያቄ ስለ ማዳበሪያ።
ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ «እህ፣ የተከበሩ!
ዩሪያው መቼ ነው?» ይላል። ይሥቃሉ የተሳፈሩ።
እኔም እሥቃለሁ፤ ደብተሬን ግን አወጣለሁ፤
ሣቁም አቤቱታ ነው፣ ከነቀኑ እጽፈዋለሁ።

ደብተሩ የልጄ ነበር፣ ሒሳብ የጀመረችበት፤
ስድስት ገጽ ክፍልፋይ፣ ቀይ እስክሪብቶ ያረመበት።
ከሰባተኛው ወዲህ ወረዳው ነው ያለበት፦
የመስጊዱ መንገድ ቱቦ፣ የእንየው የይዞታ ወረቀት፣
«ኖራ ጠፋ» የሚሉኝ የኮምጣጣ አፈር ባለቤት፣
አዋላጅ ያጣ ጤና ጣቢያ፣ ነፋስ የገለጠው ትምህርት ቤት።

ዐሥራ ሰባት ላይ አንድ መስመር ብቻ፣ በእርሳስ፦
«አንጓች። የላይ ዋንዛ ፓምፕ። እጀታው ይመለስ።»

ነገሩ ይህ ነው። ጉድጓዱ ውኃ አልነጠፈበትም፤
ፓምፑም እንደ ሰው ቆሟል፣ እጅ ብቻ የለውም።
ካቻምና ባለሙያ መጣ፣ «ይበየዳል» ብሎ ነቀለ፤
እጀታው መጋዘን ገባ፣ ከገባም እዚያው ዋለ።

ማክሰኞ ሄድኩ ላየው። ተበይዷል! ቀለም ተቀብቷል!
አንገቱ ላይ በሽቦ፣ ቁጥር ያለው ካርቶን ታስሯል።
«ልውሰደው» አልኩ። «ሞዴል ሃያ ሁለት ይቆረጣል፤
የሚፈርመው ሥልጠና ላይ ነው፣ ሰኞ ይመጣል።»
«የትኛው ሰኞ?» ስለው፣ ልጁ አፍሮ አቀረቀረ፤
ምን ያድርግ፣ ቁልፉ እንጂ ማኅተሙ መች በእጁ ነበረ።

ረቡዕን እንጃ። ሁለት ወንድማማች፣ አንድ ባሕር ዛፍ፤
ጥላው የማን ማሳ ላይ ነው ስንለካ፣ ፀሐይ እስክታልፍ።

ሐሙስ ባሕር ዳር፣ ጉባኤ። ወንበሩ ይሽከረከራል፤
የማይኩ ቀይ መብራት ሲበራ የሰው ጉሮሮ ይደርቃል።
ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። ማዳበሪያውን አልኩ፣ ኖራውን አልኩ፤
አዋላጇ ላይ ስደርስ ድምፄ ሲርድ ሰማሁ፣ ደነገጥኩ፤
ዐሥራ ስድስትን ጨርሼ ቀጣዩን በጣቴ ስይዝ
ማይኩ ጠፋ፤ ቃሌ ቀረ፣ ወንዝ እንዳላሻገሩት ጓዝ።

ከዚያ ድምፅ ስንሰጥ እጄን አነሣሁ፣ ዞሬም አየሁ፤
ያን ሁሉ እጅ!
አንዱን ለላይ ዋንዛ ተመኘሁ።

ቅዳሜ ገበያ። አንጓች ድንቿን ዘርግታ ተቀምጣለች፤
ትልልቁን ከላይ፣ ደቃቁን ከሥር አትልም፤ ቀላቅላለች።
ሰላምታዋ አጭር ነው፤ ነገር ማዞር አታውቅበት፦
«ስንተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ?» አለች፣ ገጽ ገጼን እያየችበት።
«ዐሥራ ሰባት።» «አነበብሽው?» ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤
«ለሚመለከተው አካል ቀርቧል» የምትል ቃል ፈለግኩ፤
አልመጣችም። «አልደረስኩም። ዐሥራ ስድስት ላይ ቆምኩ።»

ዝም አለች። ደንበኛ መጣ፣ ሁለት ኪሎ መዘነች፤
መልሱን ቆጥራ ሰጥታ፣ አፈሩን ከእጇ አራገፈች።
«እስቲ አምጪው» አለች ደብተሩን። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዳሰሰች።
«ይኼ ነው?» «እሱ ነው።» እርሳሱን በአውራ ጣቷ ለካች።

«በይ ስሚኝ። ቃልሽን እንዳታጥፊ፤
ገጹን ግን፣ ይኸው ከዚህ ከጥጉ፣ እጠፊ።
ማዳበሪያውንማ ያገሩ ሁሉ ይጠይቃል፤
የእኔን እጀታ ግን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?
ሐሙስ ከዚሁ ጀምሪ።» ብላ፣ ሚዛኗን አነሣች፤
ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

እሑድ ማታ ነው። ደብተሩን ልዘጋው እጫነዋለሁ፤
በታጠፈው በኩል ይነሣል። ደግሜ እጫነዋለሁ።
ነገ ሰኞ ነው፤
የትኛው ሰኞ እንደ ሆነ፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።